አሮጌ ቪታራ ወይም ራቭ ፎር ከመግዛትዎ በፊት፦ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሚፈተሽ

«አንድ ቪታራ አግኝቻለሁ፤ መጥተህ ብታይልኝ?» የሚል ስልክ ሳይደወልልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ሁሉም ዘንድ መድረስ ስለማልችል፣ መኪና አይልኝ ሲባል የማደርገውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፍሁት። መካኒክ ባይሆኑም ከአሥሩ ዘጠኙን ራስዎ ማድረግ ይችላሉ።

መመሪያው በዋናነት የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2005 የተሠሩትን ቪታራና ግራንድ ቪታራ፣ እንዲሁም ከ1994 እስከ 2005 የተሠሩትን ራቭ ፎር ነው። በመጠን የሚቀራረቧቸው ሌሎች መኪኖችም በዚሁ መንገድ ይፈተሻሉ። ሞዴል የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። «የ98 ሞዴል ነው» ሲባሉ በእኛ 1998 ዓ.ም. የመሰላቸው፣ ከጠበቁት ሰባት ስምንት ዓመት የሚያረጅ መኪና ይዘው የገቡ ሰዎች አውቃለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የእርምጃዎቹን ቅደም ተከተል አያዛቡ። ሞተር ቀዝቅዞ ሳለ የሚያሳየውን ችግር ሲሞቅ ይደብቃል። አንዴ ከሞቀ ደግሞ ያንን ለማየት ሌላ ቀን መምጣት ሊኖርብዎ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጥሩ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ
- በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት (ጨርቁ ቀለም እንዳይጭር ነው)
- ነጭ ካርቶንና ነጭ ሶፍት
- ሥር ለመግባት የሚተኙበት ማዳበሪያ ወይም አሮጌ ጋቢ
- የኤሌክትሪክ ቴስተር
- ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ
- ለመጨረሻው ፈተና፣ የኮምፕሬሽን (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) መለኪያ ያለው ጋራዥ (የሻጩ ደንበኛ ያልሆነ)
- አብሮዎት የሚሄድ አንድ ሰው። እርስዎ ሲነዱ ከኋላ ጭስ የሚያይ ያስፈልጋል።

1. ቀጠሮውን ጠዋት በማለዳ ይያዙ

ለሻጩ «ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እመጣለሁ፤ እስክደርስ ሞተሩን አያስነሱት» ይበሉ። ሲደርሱ ከሰላምታ ቀጥሎ ኮፈኑን በመዳፍዎ ይንኩት። ሙቅ ከሆነ አስቀድሞ ተነሥቷል ማለት ነው። ምክንያቱ ባትሪ መድከም፣ የጠዋት ጭስ ወይም የሚንኳኳ ሞተር ሊሆን ይችላል። ሳይቆጡ ሌላ ቀጠሮ ይጠይቁ። ሁለተኛውም ቀን ሙቅ ሆኖ ከጠበቀዎ ይተዉት።

2. ወረቀቱን ከመኪናው በፊት ይዩ

ሊብሬውን ይቀበሉና የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። በራቭ ፎር የሻንሲው ቁጥር ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ላሜራ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በቪታራ ራሱ ሻንሲው ላይ ነው፤ ጭቃውን በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ያስፈልጋል። በቁጥሩ ዙሪያ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም ለብቻው አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካለ ፈተናው እዚያው አበቃ። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ቅያሪው ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት፤ ካልሰፈረ በስም ዝውውር ቀን ጣጣው የእርስዎ ይሆናል።

የዘንድሮው ቦሎ መኖሩን፣ መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑን፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት የተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ይጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እርስዎ ስም አይዞርም። ሻጩ ባለሊብሬው ካልሆነና በውክልና የሚሸጥ ከሆነ፣ ውክልናው «መሸጥ» የሚለውን ቃል በግልጽ መያዙን ያንብቡ። ለማስተዳደር ብቻ የተሰጠ ውክልና አይበቃም።

3. ቀዝቃዛውን ሞተር ሳያስነሱ ይመርምሩ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ብዙ ገንዘብ የሚበላው ጉድለት የሚገኘው እዚህ ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ! ሙቅ ራዲያተር የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል።) ውኃው አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው። ቡናማና ዝገት የተሞላ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲጨመርለት ኖሯል፤ የውስጥ ቧንቧዎቹ ግማሽ በግማሽ ተደፍነዋል ማለት ነው። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ያጠራጥራል። የክዳኑን ጎማም ይዩ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚሠራው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ የክዳን ጎማ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት እዚህ የሚያደርሰው ይብሳል።

ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስበው ሶፍት ላይ ይጥረጉ። የጠቆረ ዘይት አያስደነግጥም። እንደ ማኪያቶ ያለ ቀለም ግን ውኃ ገብቷል ማለት ነው። እንደ ማር የሚጎተት ከባድ ዘይት ካዩ ደግሞ፣ ያረጀ ሞተር ድምፁ እንዲቀንስ ሆን ተብሎ የተሞላ ሊሆን ይችላል። በደብተርዎ ይያዙት፤ በእርምጃ 9 እንመለስበታለን።

የጊዜ ቺንጊያን (ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜያቸው እንዲሠሩ የሚያደርገውን ቀበቶ) ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው ቪታራ 1.6 ሞተርና የመጀመሪያው ራቭ ፎር (እስከ 2000) 2.0 ሞተር የሚሠሩት በጎማ ቺንጊያ ነው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። በቤንዚን የሚሠሩት 2.0 ሊትሩ ግራንድ ቪታራና ሁለተኛው ራቭ ፎር ግን ካቴና (የብረት ሰንሰለት) አላቸው። ቺንጊያ ያለው መኪና መቼ እንደተቀየረለት በደረሰኝ ካልታየ «አልተቀየረም» ብለው ይቁጠሩትና ዋጋውን ከሒሳቡ ይቀንሱ። ቺንጊያ ከመበጠሱ በፊት ምልክት አይሰጥም፤ ባለበት ያቆምዎታል። ያ ቦታ ደግሞ ሊማሊሞ ሊሆን ይችላል።

አሁን ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሣ አንድ ደረጃ ያዙሩት። የሞተር፣ የዘይት፣ የባትሪና የፍሬን መብራቶች ሁሉ መብራት አለባቸው። የሞተር ምልክቱ ፈጽሞ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል። ይህን ማታለያ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

4. አስነሡትና ጭሱን ያንብቡ

ጓደኛዎ ከኋላ ይቁም፤ እርስዎ አስነሡት። በጎንደር ጠዋት ከማርሚታው የሚወጣ ነጭ እንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ የተለመደ ነው፤ ከዚያ መጥፋት አለበት። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭሱ ከቀጠለና ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተሩ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ነው። ካርቡራተር ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ቪታራዎች ለቆላ እንደተስተካከሉ ከሆነ አየሩ ሲሳሳባቸው ነዳጁ ይበዛባቸዋል፤ ይህ በማስተካከል የሚድን ስለሆነ ብቻውን ከመግዛት አያግድዎትም።

ሲነሣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ የሚሰማ መንኳኳት ዘይቱ እስኪደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የቀጠለ፣ ጋዝ ሲሰጡትም አብሮ የሚፈጥን ወፍራም «ዱክ ዱክ» ግን የታችኛው የሞተር ክፍል መጎዳት ነው። ሻጩ ምንም ቢምል መኪናውን ይተዉት።

ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከተረጋጋ በኋላ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ያድርጉ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማንበብ አለበት።

5. አካሉን በማግኔት ይዳስሱ

ማግኔቱን በየበሩ፣ በየፓራፋንጎውና በጣሪያው ላይ ያንሸራትቱ። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። (ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ አይሞክሩት።) በበር ላይ ትንሽ ስቱኮ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከተማችን ጠባብ ናት፣ ባጃጁም ብዙ ነው። በጣሪያና በጣሪያ ምሰሶዎች ላይ ከተገኘ ግን መኪናው ተገልብጦ ነበር ማለት ነው። ከፍ ብለው የቆሙ አጫጭር መኪኖች መገልበጥ ያውቃሉ።

ሁለት ማረጋገጫዎች ይጨምሩ። የደኅንነት ቀበቶዎቹን እስከ ሥራቸው ስበው መለያ ጨርቃቸው ላይ የተጻፈውን የተሠሩበትን ዓመት ያንብቡ፤ የመስታወቶቹንም ጥግ ጽሑፍ ያነጻጽሩ። አንዱ ቀበቶ ወይም አንዱ መስታወት ከሌሎቹ በዓመታት ካነሰ፣ ለምን እንደተቀየረ ሻጩ ይንገርዎ።

6. ሥር ይግቡ

ማስጠንቀቂያ፦ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። እነዚህ መኪኖች ከፍ ያሉ ስለሆኑ ሳይነሡም ማየት ይቻላል። ሜዳ ላይ ያቁሙት፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ጎማውን በድንጋይ ይደግፉ፣ ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱ።

ቪታራ ከአካሉ የተለየ ሻንሲ አለው። ሻንሲው ከኋላ ጎማ በላይ በሚታጠፍበት ቦታ ዝገት ይፈልጉ፤ በካቻቢቴ እጀታ ነካ ነካ ያድርጉት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ከአውሮፓ የመጡት በክረምት መንገድ ላይ በሚበተን ጨው ይዝጋሉ። ከዓረብ አገር የመጡት ደግሞ ብረታቸው ደህና ሆኖ ጎማና ፕላስቲካቸው በሙቀት ደርቆ የተሰነጠቀ ነው፤ በእነሱ ላይ ቦኮላውን (በብረት መገጣጠሚያዎቹ መካከል ያለውን ጎማ) እና የውኃ ቱቦዎቹን በጣት ጨምቀው ይፈትሹ። አዲስ ጥቁር ቀለም በሥሩ የተረጨ መኪና ሲያዩ «ምን ተሸፈነ?» ብለው ይጠይቁ።

ራቭ ፎር ሲሆን አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ትራስሚሲዮንና የኋላ ዲፈረንሻል መኖራቸውን በዓይንዎ ይዩ። 1.8 ሊትሩ ራቭ ፎር የሚጎተተው በፊት ጎማ ብቻ ነው። ከላይ ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም፤ «ፎር ባይ ፎር» ተብሎ ሲሸጥ ግን አጋጥሞኛል።

በሁለተኛው ራቭ ፎር ሞተር ላይ ደግሞ ቴስታታውና ብሎኩ የሚገናኙበትን መስመር ከኋላ በኩል በባትሪ ይዩ። የቴስታታው ቡሎኖች የሚይዙበት ጥርስ የመላላት ችግር በዚህ የሞተር ቤተሰብ ይታወቃል። የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ የውኃ ፈለግ ካለ ጥገናው ቀላል አይደለም።

7. ጎማዎቹን ያንብቡ

በጎማው ጎን ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 1417 ማለት የ2017 14ኛ ሳምንት ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየራል። በአንድ ወገን ብቻ ያለቀ ጎማ ያረጀ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ)፣ ቦኮላ ወይም የታጠፈ ነገር መኖሩን ይጠቁማል። አራቱም ልክ አንድ መሆን አለባቸው፤ በራቭ ፎር ላይ የተለያየ ልክ ያላቸው ጎማዎች የፊትና የኋላውን የሚያገናኘውን ክፍል ያለ ዕረፍት እያሠሩ ያቃጥሉታል። ስኮርታውንም አይርሱ።

8. ወደ ጎሃ ይውጡ፣ ወደ አዘዞ ይውረዱ

ጎንደር መኪና ለመፈተን የተመቸች ከተማ ናት፤ ሁሉም ዓይነት መንገድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ከፒያሳ ወደ ጎሃ የሚወስደውን ዳገት ይያዙ። በዚህ ከፍታ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ 1.6 ቪታራ ሲያቃስት ወዲያው አይፍረዱበት። የሚፈልጉት ሌላ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ጋዙን እስከ ታች ይጫኑ። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የሙቀት ጠቋሚውን ይከታተሉ፤ ወደ መካከል ወጥቶ እዚያው መቆም አለበት። በጣም ዘግይቶ የሚሞቅ፣ ቁልቁለት ላይም ተመልሶ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተነቅሏል ማለት ነው። ቴርሞስታት የሚነቀለው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈላ ሞተርን ለመሸፈን ስለሆነ፣ እርስዎ ዋናውን ችግር ይፈልጉ።

ሲመለሱ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ጋዝ ሳይነኩ ይውረዱ። ታች ሲደርሱ ድንገት ጋዝ ይስጡ፤ ጓደኛዎ በኋላ መስታወት ይመልከት። ያን ጊዜ ቡፍ ብሎ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት በቫልቮቹ በኩል እየገባ መሆኑን ይነግርዎታል። ሜዳ ላይ ብቻ ለሚፈትን ሰው ይህ አይታይም፤ ጎሃን የምወደው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኮብልስቶን ላይ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መስኮቱን ከፍተው ሬዲዮውን ዘግተው ይንዱ። ከፊት የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» ቴስቲናና ቦኮላ ነው፤ ከኋላ የሚሰማ ደረቅ መንኳኳት አሞርዛተር። ሰፊ ቦታ ሲያገኙ መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘው በዝግታ ይዙሩ፤ በየዙሩ «ቀቅ ቀቅ» የሚል ድምፅ የፊት ጎማ መገጣጠሚያዎች ማለቃቸውን ያሳውቃል።

በመጨረሻ የአዘዞን አስፋልት ይያዙ። በ80 ኪሎ ሜትር መሪውን ለአፍታ ላላ ያድርጉ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ኡኡታ የጎማ ኩሽኔታ ወይም የዲፈረንሻል ነው። ከኋላ መኪና አለመኖሩን አረጋግጠው ጠንከር አድርገው ፍሬን ይያዙ፤ ወደ አንድ ወገን መሳብ የለበትም።

9. አራቱን ጎማ ይሞክሩ፣ ሙቁን ሞተር ይዩ

ቪታራን በጠጠር ወይም በአፈር መንገድ ላይ ብቻ ነው በአራት ጎማ መሞከር ያለብዎት። የፊትና የኋላ ዘንጎቹን የሚያፈራርቅ ዲፈረንሻል በመካከል ስለሌለው ደረቅ አስፋልት ላይ ማርሾቹ ይጨናነቃሉ። ዘንጉን ወደ አራት ጎማ ያስገቡ፣ መብራቱ መብራቱን ይዩ፣ ጥቂት ሜትር ይንዱ። ከዚያ ቆመው ወደ ከባዱ (ቀርፋፋ ግን ጉልበታም ወደሆነው) ማርሽ ይቀይሩና ዳገት ላይ ይሞክሩት፤ በጉልበት እየጎተተ ከማርሽ መውጣት የለበትም። ዓመታት ሙሉ ያልተነካ ዘንግ ደርቆ ይገኛል፤ ሻጩ «አልፈልገውም ነበርና አልነካሁትም» ካለዎ ሠርቶ እስኪያሳይዎ ድረስ እንደማይሠራ ይቁጠሩት።

ራቭ ፎር በራሱ ስለሚሠራ የሚጫኑት ነገር ላይኖር ይችላል። ሜዳ ላይ መሪውን ጠምዝዘው በዝግታ ሲዞሩ ፍሬን እንደተያዘበት የሚንገራገጭ ከሆነ ማገናኛው ደርቋል።

ተመልሰው ሞተሩ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ትንሽ እፍ ማለት ያለ ነው። እንደ ምድጃ እየተነፈሰ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስተኖቹ ቀለበቶች) አልቀዋል፤ ቅድም የያዙት የከባድ ዘይት ማስታወሻ አሁን ትርጉም ያገኛል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ዘይቱን ነጭ ሶፍት ላይ ያንጠብጥቡ፤ ቀይ ወይም ሮዝ መሆን አለበት፣ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ውድ ጥገና ይጠብቅዎታል። ሞተሩን አጥፍተው ነጩን ካርቶን ከሥሩ ያንጥፉና ሻይ ጠጥተው ይመለሱ። የሚያፈሰው ምን እንደሆነ ካርቶኑ በቀለሙ ይነግርዎታል።

10. ኮምፕሬሽኑን በጎንደር ልክ ያንብቡ

እስከዚህ ካለፈ ወደ መረጡት ጋራዥ ይውሰዱት። አራቱም ካንዴላ ተነቅሎ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ጋዙ እስከ ታች ተረግጦ ይለካል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ 12 ባር የሚል ከሆነ ያ ልኬት የባሕር ጠለል ነው። በጎንደር አየሩ ሳሳ ስላለ ጤነኛው ሞተር ራሱ ከ9 ተኩል ባር ብዙ ላይበልጥ ይችላል። «ሞተሩ አልቋል» ተብሎ ደህና መኪና የተተወበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ እኔም በወጣትነቴ ከተዉት አንዱ ነበርሁ። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይዩ። ከ1 ባር በላይ መሆን የለበትም። አንዱ 9.5፣ ሌላው 7 ካነበበ በዝቅተኛው ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን።

11. ሒሳቡን ያስሉ

ያገኙትን ጉድለት ሁሉ በደብተሩ ይዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የዕቃውን ዋጋ ጎንደር ካሉት መለዋወጫ መደብሮች ይጠይቁ፤ እዚህ ከሌለ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደውለው የመላኪያውን ይጨምሩ። የእጅ ዋጋውን መካኒኩ ይንገርዎ። ድርድሩን በዚህ ዝርዝር ይጀምሩ፤ ሻጩ «ቆሻሻ ነው» ከሚል ወሬ ይልቅ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ያከብራል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- ታጥቦ ገና ያልደረቀ መኪና ማየት። ውኃ ጭረቱንም፣ የተለያየውንም ቀለም ይደብቃል። የታጠበ ሞተርም የሚያፈስበት ቦታ አይታወቅም።
- የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ማመን። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ የመሪው ቆዳ አልቆ ሳለ 90,000 የሚል ቆጣሪ ተመልሷል።
- ከሻጩ ጋር በመጣ መካኒክ ማስፈተሽ።
- አዲስ የወንበር ልብስና ትልቅ ቸርኬ ላይ ዋጋ መጨመር። ከፋብሪካው ልክ በላይ የሆነ ጎማ 1.6 ሞተርን በዳገት ይበልጥ ያደክመዋል፤ ፍጥነት መለኪያውም ከእውነቱ ያሳንሳል።
- ከፈተናው በፊት ቀብድ መስጠት። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሻጭ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» የሚል ጥድፊያ ከመጣ የኮምፕሬሽኑ ውጤት እጅዎ ሳይገባ ቀብድ አይስጡ፤ «ይውሰደው» ይበሉ፤ ቪታራ ሞልቷል።